በረዶ የወረደ ዕለት ውሻችሁን ይዛችሁ ውጡ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ውሻ ለማሳደግ ለወሰናችሁ ወጣቶች ነው። በተለይ በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ በኩል፣ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ቤት ይዛችሁ ግቢ እንዲጠብቅ ቡችላ ላመጣችሁ። የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ብዙ ምክር መደርደር እችል ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ውሻችሁን ፈትታችሁ አብራችሁት ወደ ገጠሩ ወጣ በሉ። ፀሐይ በሞቀበት ቀን ብቻ አይደለም። በረዶ ወርዶ ሜዳው ነጭ በሆነበት ቀንም ውጡ።

እኛ ጋ በረዶ እንደ ፈረንጅ አገር ለሳምንታት መሬት ላይ አይቆይም። በበልግና በክረምት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ደመናው ውስጥ ያለው ኃይለኛ ነፋስ የዝናቡን ጠብታ ወደ ላይ ይገፋዋል። እዚያ ይረጋል። ነፋሱ ይዞት ሲቆይ በላይ በላዩ ውሃ እየረጋበት ይወፍራል፤ ሲከብድ ይወድቃል። የሱሉልታ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ያልፋል፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ቆላ ቢሆን መንገድ ላይ የሚቀልጠው በረዶ እዚህ ሳይቀልጥ መሬት ይደርሳል። ሣሩ ይነጣል። የባሕር ዛፉ ቅጠል ተበጣጥሶ ይረግፋል፤ ሽታው አገሩን ያውደዋል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ያለው ብርድ ደግሞ ሌላ ነው። ሰማዩ ጥርት ስለሚል የቀኑ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ያመልጣል። ከተራራው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ሜዳው ላይ ይተኛል። ጠዋት ስትወጡ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ታገኙታላችሁ። ለእኔ ከዚያ የተሻለ የእግር ጉዞ ሰዓት የለም።

አንድ ነገር አደራ። በረዶው እየወረደ፣ ነጎድጓዱ እያጉረመረመ ገላጣ ሜዳ ላይ አትገኙ። ለብቻዋ የቆመች ዛፍ ሥርም አትጠለሉ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቤት ቆዩ። ከዚያ ውጡ።

ብርዱን ለምን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። በሞቃት ቀን ውሻ ይሮጣል፣ ሰው ስልኩን ያያል፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። በብርድ ቀን ግን ውሻችሁን ማየት ግዴታችሁ ይሆናል። በደብረ ዘይት ስንማር እንስሳውን ከመንካታችን በፊት ራቅ ብለን ቆመን እንድናየው ያስተምሩን ነበር። አተነፋፈሱን፣ አቋቋሙን፣ የትኛውን እግር እንደሚያሳርፍ፣ ጆሮውን የት እንዳደረገ። ታካሚያችን «እዚህ ጋ ያመኛል» አይልም። ከሙያዬ ሁሉ ይዤ የቀረሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው። እናንተም ሐኪም ሳትሆኑ ልትማሩት ትችላላችሁ።

እንግዲህ እዩት። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከእኛ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፀጉሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱን ይይዝለታል። ሲረጥብ ግን ያ ፀጉር ብዙም አይጠቅመውም። ጀርመን ሼፐርድ ውስጠኛው ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ቶሎ አይበርደውም። ፀጉረ አጭሩ የሐበሻ ውሻ፣ ቡችላና ያረጀ ውሻ ግን ቶሎ ይንቀጠቀጣሉ። ጭራውን ወሽቆ፣ ጀርባውን አጉብጦ፣ እርምጃውን ካሳጠረ በርዶታል ማለት ነው። መሄድ ትቶ ወደ እናንተ ዞሮ ካየ ተመለሱ። ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ቆሞ ከደነዘዘ ደግሞ አደጋ ላይ ነው፤ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

መዳፉንም አንሡና እዩ። በረዶና ጭቃ በጣቶቹ መሃል ይጠቀጠቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጥቀዋል። አንዳንዱ ያነክሳል፣ አንዳንዱ ቁጭ ብሎ እግሩን ይልሳል። ቤት ስትገቡ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ በአሮጌ ፎጣ እስከ ሆዱ ድረስ አድርቁት። ጆሮውን ገልጣችሁ ውስጡን እዩ፣ መዥገር ፈልጉ። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ውሻው እጃችሁን ይለምዳል። የታመመ ዕለት ሐኪሙ ሲነካው አይናከስም። ስንቱን ውሻ አፉን አስረን መርምረናል! ሰው እጅ የለመደ ውሻ ግን ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ይቆምልናል።

ስለ ሰንሰለቱ ሳልናገር አላልፍም። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል፣ ሌሊት ብቻ የሚፈታ ውሻ ብዙ ግቢ ውስጥ አለ። ኃይለኛ እንዲሆን ነው ይባላል። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። የታሰረ ውሻ ይፈራል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ሌባውንም የጎረቤት ልጅንም ሳይለይ ይነክሳል። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ታስሮም ሳይታሰርም ይጮኻል። አብሯችሁ የሚራመድ ውሻ ማን የቤት ሰው፣ ማን መንገደኛ እንደሆነ ከእናንተ ይማራል። ጥሩ ጠባቂ የሚወጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ሳይከተብ ከግቢ እንዳታስወጡት። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይወስዳል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ዳር አገር ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመንጋ ይሄዳሉ። ከመካከላቸው የታመመ ካለ አንድ ንክሻ ይበቃል። ቫይረሱ በምራቁ ይተላለፋል፣ ነርቭ ይዞ ወደ አንጎል ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ምልክቱ ከታየ ሰውም ውሻም አይተርፍም ማለት ይቻላል። ሆኖም ምልክት ሳይመጣ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። እ.ኤ.አ. በ1885 ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካተረፈ ወዲህ ይህ ይታወቃል።

ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት እያያችሁ እጠቡ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ጸበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ እኔም አማኝ ነኝ። ክትባቱን ግን ለነገ አያሳድር። የባህል መድኃኒት እየጠጡ ጊዜው ያለፈባቸውን ልጆች ቤተሰብ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ያመኛል።

ክትባቱ የሚጠብቀው ቤታችሁን ብቻ አይደለም። ቀይ ቀበሮን አስቡ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ የቀረው ጎልማሳ ቁጥሩም 500 አካባቢ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ በ1984 እና በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በአንዳንድ ሸለቆ ከነበሩት ከግማሽ በላዩ አለቁ። በሽታውን ያመጣባቸው ያልተከተበ የቤት ውሻ ነው። መንዝ ጓሳም ቀይ ቀበሮ አለ። ለሽርሽር ወደዚያ ስትሄዱ ውሻችሁን ቤት ተዉት። ተከትቦም ቢሆን ተዉት።

ሌላም አለ። በዓል ሲመጣ በግ ይታረዳል፤ የተበላሸው ሳንባና ጉበት ለውሻ ይወረወራል። አትወርውሩ። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። በውሻ የሚተላለፍ የኮሶ ትል አለ፤ ዑደቱን የሚጨርሰው በዚያ መንገድ ነው። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሰው ሲገባ ጉበት ላይ ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። በኦፕራሲዮን የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የትል መድኃኒቱን ከሐኪም ጠይቃችሁ በየጊዜው ስጡት።

ገጠሩ የሰው ቤት መሆኑን አትርሱ። ሣሩ የከብት መኖ ነው፣ ባለቤት አለው። በግ የሚጠብቅ ልጅ ካያችሁ ውሻችሁን በገመድ ያዙ፣ ቆም በሉ፣ «አሻም» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ። አንድ በግ ከተነከሰ ያ ቤተሰብ የትምህርት ቤት ወጪውን አጣ ማለት ሊሆን ይችላል። እንጦጦ ጫካ በኩል ደግሞ ጅብ አለ፤ ከመሸ በኋላ ውሻ ይዞ እዚያ መገኘት አይገባም። 11 ሰዓት ሲሆን ወደ ቤት መልሱት።

በዚህ መንገድ ውሻውን ማየት የለመዳችሁ ሰዎች ሳታውቁት ሙያችንን ጀምራችኋል። ከመካከላችሁ 12ኛ ክፍል የምትፈተኑ ትኖራላችሁ። በአፍሪካ ከፍተኛ የከብት ሀብት ካላቸው አገሮች ግንባር ቀደም በሆነች አገር፣ የእንስሳት ሕክምና ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚገባበት ትምህርት ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ ያሳዝነኛል። የዩኒቨርሲቲ ምርጫችሁን ስትሞሉ ከላይ አስቀምጡት። ደብረ ዘይት፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ ይሰጣል። የማይናገር ታካሚ ፊት ቆሞ ያመመውን ለማወቅ መሞከር ምን ያህል ደስ እንደሚል እዚያ ታውቁታላችሁ።