«ቅድመ ህልውና» ልክ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ስለ መሲሁ ዓለም ሳይፈጠር መኖር አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው፣ የአይሁዶቹንም የክርስቲያኑንም አስተሳሰብ ጎን ለጎን የሚያሳይ። ርዕሱን «የመሲሁ ቅድመ ህልውና» አልኩት፣ ኦንላይን ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚጽፈው፣ አንድ አባት ግን «ይሄ ቃል ልክ አይደለም» አሉኝ። ለምንድነው? ደግሞ ዮሐንስ 8፥58 ላይ «አብርሃም ሳይወለድ እኔ አለሁ» የሚለው በሰዋስው «ነበርኩ» መሆን አልነበረበትም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ ልክ ናቸው። «ቅድመ» ከግእዝ የመጣ ነው፣ ስም ፊት ሲገባ «ከዚህ በፊት» ማለት ነው። ቅድመ ታሪክ ስንል ታሪክ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ዘመን ነው፣ ጤና ጣቢያ ቅድመ ወሊድ ክትትል ሲባል እናትየው ከመውለዷ በፊት ያለውን ነው፣ በዚሁ ከሄድክ ቅድመ ህልውና «ከመኖሩ በፊት» ይሆንብሃል፣ ልትል የፈለከው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው! እርግጥ ቅድመ ክፍያም እንላለን፣ እዛ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ክፍያው ራሱ ነው፣ ቃሉን የሚጠቀሙትም ሰዎች በዚህ መንገድ «አስቀድሞ መኖር» ለማለት እንደሆነ ይገባኛል። ሌላ ርዕስ ቢሆን እኔም ዝም ብዬ አልፈው ነበር። እዚህ ላይ ግን ለሁለት የሚፈታ ቃል ማስቀመጥ አይቻልም፣ ምክንያቱም አርዮስ ስለ ወልድ «ያልነበረበት ጊዜ ነበረ» ማለቱ ነው በ325 እ.ኤ.አ በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘው፣ «ከመኖሩ በፊት» ተብሎ ሊነበብ የሚችል ርዕስ ደግሞ አንባቢህን ቀጥታ እዛው ወስዶ ይጥለዋል።

የተሻለውን ቃል መፈለግም አያስፈልግህም፣ አለ። «ቅድመ ዓለም» በል። ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «ዘህልው ምስሌሁ እምቅድመ ይትፈጠር ዓለም» የምንለው ነው፣ ዓለም ሳይፈጠር ከእርሱ ጋር የነበረ። እዚህ ላይ ልብ በል፣ «ቅድመ» የገባው ዓለም መፈጠሩ ላይ እንጂ ህልውናው ላይ አይደለም። ሊቃውንቱም ሁለቱን ልደታት ሲያስተምሩ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን ያለ አባት ነው የሚሉት።

ግን ይሄንኑ ቃል አይሁዶቹ ላይ እንዳለ እንዳትለጥፈው። የባቢሎን ታልሙድ (የአይሁድ መምህራን የሕግና የትምህርት ስብስብ)፣ ፐሳሒም የሚባለው ክፍል፣ ዓለም ሳይፈጠር የተፈጠሩ 7 ነገሮችን ይቆጥራል፤ ቶራ (ሕገ ሙሴ)፣ ንስሐ፣ ገነት፣ ገሃነም፣ የክብር ዙፋን፣ ቤተ መቅደስና የመሲሁ ስም። ስሙ ነው ያሉት፣ መሲሁ አላሉም፣ ማስረጃቸውም «ከፀሐይ አስቀድሞ ስሙ» የሚለው መዝሙር ነው (በእነሱ 72፥17፣ በኛ ዳዊት 71 ላይ ታገኘዋለህ)። የዘፍጥረት ረባ የሚባለው የአይሁድ መምህራን የዘፍጥረት ትርጓሜ ደግሞ ነገሩን ይለያል፣ ከዓለም ከቀደሙት ውስጥ ቶራና የክብር ዙፋን በእርግጥ ተፈጠሩ፣ ቤተ መቅደስና የመሲሁ ስም ግን ሊፈጠሩ ታሰቡ ይላል። ስለዚህ ስለ ረበናቱ፣ ስለ እነዚህ የአይሁድ መምህራን ማለቴ ነው፣ ስትጽፍ «መሲሁ ነበረ» ካልክ ያላሉትን ነው ያስባልካቸው፣ «የመሲሁ ስም ከዓለም በፊት ታስቦ ነበር» ብትል ግን ታማኝ ነህ።

በመሃል ሄኖክ አለ፣ ይሄን በጭራሽ እንዳትዘለው። ምዕራፍ 48 ላይ የሰው ልጅ ስሙ ፀሐይና ከዋክብት ሳይፈጠሩ በመናፍስት ጌታ ፊት ተጠራ፣ እሱም ዓለም ሳይፈጠር ኅሩይና ኅቡእ ሆነ ይላል፣ የተመረጠና የተሰወረ ማለት ነው፣ ከስም አልፎ ወደ አካሉ ሄደ። ይሄ ክፍል ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፣ ሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን ዋሻ ከተገኙት የሄኖክ የአረማይክ ቁርጥራጮች ውስጥ እንኳን የለም፣ ስለዚህ ይህን አይሁዳዊ አስተሳሰብ በሙሉ ቃሉ ያቆየው የኛ ብራና ነው፣ ጽሑፍህ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ስጠው።

ወደ «አለሁ» ስንመጣ፣ ስህተት አይደለም። «አለ» በመልኩ ኃላፊ ነው፣ ሄድህ ሄደች እንደምትለው አለህ አለች ነው የሚረባው፣ ፍቺው ግን የአሁን ነው፣ ላለፈው «ነበረ» የምንለውም ለዚህ ነው። ሰፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ «አንተ ሳትወለድ እዚህ ነበርኩ» ቢሉህ አሁን እዛው ይኑሩ አይኑሩ ከቃሉ አታውቅም፣ «ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ እዚህ አለሁ» ካሉህ ግን ዛሬም አሉ። ተራ ዓረፍተ ነገር ቢሆን «ሳይወለድ» የሚለው «ነበርኩ»ን ይጠራ ነበር፣ ግሪኩ ግን ሆን ብሎ ግሱን በአሁን ጊዜ ነው ያስቀመጠው፣ ተርጓሚዎቹም ጆሮ የሚቆረቁረውን እንዳለ ትተውታል፣ ጥሩ አድርገዋል። ሰሚዎቹም ወዲያው ድንጋይ ያነሱት ሁልጊዜ ያለ ነኝ ማለቱ ገብቷቸው ነው፣ በዕድሜ እበልጠዋለሁ ያለ መስሏቸው አይደለም። ዮሐንስ ራሱ 1፥1 ላይ «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» ስላለ በራስህ አባባል ስታብራራ «ነበረ» ብትል ችግር የለውም፣ ጥቅሱን ስትጽፍ ግን «አለሁ»ን እንዳትነካው።