የፉቲ ተጫዋች ጉልበቷ ቢጎዳ ማን ይከፍላል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ነው። 18 ዓመት የሞላት ልጄ ከሴቶች የፉቲ (የአውስትራሊያ እግር ኳስ) ሊግ፣ ከኤኤፍኤልደብሊው፣ አንድ ክለብ የአንድ ዓመት ውል ቀርቦላታል። ጎን ለጎን ኤጅድ ኬር (የአረጋውያን እንክብካቤ) ውስጥ በካዡዋል፣ ማለትም ቋሚ ሳትሆን፣ ትሠራለች። በጨዋታ ብትጎዳ ወርክከቨር፣ የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንሱ፣ ይከፍላታል? ከመፈረሟ በፊትስ ምን ማድረግ አለብን?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። ወርክከቨር ግን አይከፍላትም። የቪክቶሪያ የ2013 የሥራ ጉዳት ካሳ ሕግ ለመጫወት የተቀጠረ ስፖርተኛ በውድድር፣ በልምምድና ለዚሁ በሚደረግ ጉዞ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ካሳ አይሰጥም። ብዙ ቤተሰብ «ደመወዝተኛ ከሆነች ዋስትና አላት» ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የልጅዎ መብት የሚመነጨው ከውሏና ሊጉ ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር ከተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ነው። አሁን ያለው ስምምነት ከ2023 እስከ 2027 የሚቆይ ሲሆን፣ ወንዶችንና ሴቶችን በአንድ ሰነድ ሲያካትት የመጀመሪያው ነው። የሴቶቹ ክፍያ ከ60,000 ዶላር ተነሥቶ በ2027 82,000 ይደርሳል ሲባል ሰምተው ከሆነ፣ ያ አማካይ ነው፤ ጀማሪ ከዚያ በታች ታገኛለች።

እኔን ከደመወዙ ይልቅ የሚያሳስበኝ የውሉ ጊዜ ነው። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ከተበጠሰ ከቀዶ ሕክምና እስከ ሜዳ መመለስ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር ይወስዳል። የውድድሩ ወቅት ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ነው። ስለዚህ በሴፕቴምበር የተጎዳች ተጫዋች የአንድ ዓመት ውሏ የሚያልቀው ገና በማገገም ላይ ሳለች ነው፤ ክለቡም ውሉን ያድስላት ዘንድ አይገደድም። ለጀማሪ በገንዘቡ ላይ የመደራደሪያ ቦታው ጠባብ ነው፤ ጥረታችሁን ሁለተኛ ዓመት በመጠየቅ ላይ አውሉት። እምቢ ካሉ ውሉ ካለቀ በኋላ የሕክምናውን ወጪ ማን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሸፍን፣ ፊዚዮቴራፒ እንደሚጨምርና ከክለቡ ሐኪም ሌላ የራሷን ስፔሻሊስት ማማከር እንደምትችል በኢሜይል ጠይቃ መልሱን ታስቀምጥ። ያንኑ ጥያቄ ለተጫዋቾች ማኅበርም ትላክ፤ ስምምነቱን አንቀጽ በአንቀጽ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከውሉ ውጭ በጎን የሚሰጥ የገንዘብ ቃል ግን አትቀበል፤ ያልተመዘገበ ክፍያ የሊጉን ደንብ ይጥሳል፣ ቅጣቱም ለእርሷ ይተርፋል።

የምትፈርመው እርሷ ናት፤ 18 ስለሞላት የእርስዎ ፊርማ አይተካትም። ወኪል ከያዘች ማኅበሩ ዕውቅና የሰጠው መሆን አለበት፤ የወኪሉ ውልም ከክለቡ ውል የተለየ ስለሆነ ኮሚሽኑንና ማቋረጫውን ለየብቻ ታንብብ።

ወደ ኤጅድ ኬሩ ልምጣ። ካዡዋል ሠራተኛ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ የላትም። እዚያ 6 ወር ከሠራች፣ ድርጅቱ ከ15 ሠራተኛ በታች ካለው ደግሞ 12 ወር፣ ወደ ቋሚ ፓርት ታይም ልዛወር ብላ በጽሑፍ ማመልከት ትችላለች፤ አሠሪው በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልሳል። ቋሚ ሆና በሳምንት 20 ሰዓት ብትሠራ በዓመት 40 ሰዓት የሕመም ፈቃድ ይጠራቀምላታል፤ ጉዳቱ ከፉቲ የመጣ ቢሆንም ልትጠቀምበት ትችላለች።

ክለቡም ሱፐር፣ ማለትም የጡረታ ቁጠባ፣ መክፈል አለበት፤ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 12 በመቶ ነው። ከ25 ዓመት በታች ስለሆነች ግን ሱፐሩ ውስጥ ያለው ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አይጀምርም፤ እፈልጋለሁ ብላ በጽሑፍ መጠየቅ አለባት። ስትጠይቅ ፉቲ በክፍያ እንደምትጫወት ትናገር፣ ፖሊሲው ስፖርተኛን እንደማያገልም ታረጋግጥ። ይህን ደብቃ ብትገባ ካሳ በምትጠይቅበት ቀን ውድቅ ሊያደርጉባት ይችላሉ።

ታክስ ላይ የ18,200 ዶላሩን ነፃ ወሰን በአንዱ አሠሪ ቅጽ ላይ ብቻ ትሙላ። በሁለቱም ከሞላች በዓመቱ መጨረሻ ዕዳ ይመጣባታል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በጨዋታ የተነካ ጉልበት ይዛ ኤጅድ ኬር ገብታ ሰው ስታነሣ ቢብስባት፣ የወርክከቨር ኢንሹራንስ «ይህ የፉቲ ጉዳት ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ስለዚህ በተጎዳች ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዳ የት፣ መቼና እንዴት እንደተጎዳች ታስጽፍ፤ ማንሣት የማይፈቀድላትን ክብደት የሚገልጽ ወረቀትም ተቀብላ ለሁለቱም አሠሪዎች ትስጥ።