የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የጀርመን ትንንሽ ሰርጓጅ መርከቦች ምን ሠሩ?

ጥያቄ፦ ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በትልልቅ ሰርጓጅ መርከቦቿ የታወቀች ሆና ሳለ፣ በጦርነቱ ማብቂያ አንድና ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ ሰርጓጆችን እንደሠራች አነበብኩ። ለምን አስፈለጓት? የረባ ውጤትስ አስገኙ? ነጂዎቹ አጥፍቶ ጠፊዎች ነበሩ የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ዋናው ምክንያት ሌላ አማራጭ ማጣት ነው። የጀርመን ሰርጓጆች እ.ኤ.አ. በ1943 ጸደይ በአትላንቲክ ላይ ክፉኛ ከተመቱ በኋላ፣ የተባበሩት ኃይሎች በፈረንሳይ ጠረፍ ጦር ማራገፋቸው እንደማይቀር እየታወቀ፣ ይህን ለመመከት የሚበቃ የመርከብ ኃይል አልነበራትም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 22 ቀን የእንግሊዝ ትንንሽ ሰርጓጆች ኖርዌይ ውስጥ ሰርገው ገብተው «ቲርፒትዝ» የተባለችውን ግዙፍ የጦር መርከብ መጉዳታቸው ደግሞ ለጀርመኖች ትምህርት ሆናቸው። በ1944 በምክትል አድሚራል ሄልሙት ሃየ የሚመራ ልዩ ክፍል ተቋቋመ።

መጀመሪያ ለውጊያ የቀረበው «ኔገር» ሰርጓጅ ለመባል እንኳ አይበቃም፤ መጥለቅ አይችልምና። ፈንጂው ወጥቶለት ነጂ የተቀመጠበት አንድ ቶርፒዶ (በውኃ ውስጥ በራሱ ሞተር ተጉዞ መርከብ የሚመታ መሣሪያ)፣ ከሥሩ የሚተኮሰውን ሌላ ቶርፒዶ አንጠልጥሎ ይጓዛል። የነጂው ራስ ከውኃው በላይ ብቅ ባለ ግልጽ ክዳን ውስጥ ስለሚሆን በጨረቃ ብርሃን ለጠላት ተኳሾች በቀላሉ ይታያል። በኤፕሪል 1944 በጣሊያን አንዚዮ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ከሸፈ፤ በጁላይ ግን በኖርማንዲ ጠረፍ «ማጂክ»፣ «ኬቶ» እና «ፒላዲስ» የተባሉ የእንግሊዝ ፈንጂ ጠራጊ መርከቦችን አሰጠመ። ነጂዎቹ እንዲመለሱ ታስቦ የተላኩ ስለነበሩ በዕቅድ ደረጃ አጥፍቶ ጠፊ ሊባሉ አይገባም፤ ከሞቱት ብዛት አንጻር ሲታይ ግን ልዩነቱ ለነጂው ብዙም ትርጉም የነበረው አይመስለኝም።

ከዚህ የባሰው «ቢበር» ነው። ርዝመቱ 9 ሜትር ያህል ሆኖ አንድ ሰውና ሁለት ቶርፒዶ የሚይዘው ይህ ሰርጓጅ በቤንዚን ሞተር ይሠራ ነበር፤ በእኔ ግምት ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው። የሞተሩ ጭስ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ሲጠራቀም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነጂውን ሳይታወቀው ይገድለዋል። በዲሴምበር 29 ቀን 1944 እንግሊዞች ከዶቨር ሰሜን ምሥራቅ ቁጥር 90 የሆነውን ቢበር ባሕር ላይ ሲያገኙት፣ ነጂው በዚሁ ጋዝ ታፍኖ ሞቶ ነበር። በማርች 1945 ደግሞ በኔዘርላንድስ ሄልቮትስሉይስ ወደብ አንድ ቢበር በስሕተት በለቀቀው ቶርፒዶ 14 ቢበሮች ሰጥመው 9 ተጎዱ፤ ጠላት በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ጉዳት አድርሶባቸው አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄደው ሌላው ትንሽ ሰርጓጅ «ሞልኽ»ም ከኪሳራ በቀር ያተረፈው የለም።

ሊመሰገን የሚገባው ሁለት ሰው የሚይዘው፣ በናፍጣና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራው፣ 12 ሜትር ያህል ርዝመት የነበረው «ዜሁንት» ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ጅምሩ አላማረለትም፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 1945 ከኔዘርላንድስ አይማውደን ከወጡት መካከል ማዕበሉን አልፈው ወደ ወደቡ የተመለሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ኋላ ላይ ግን አነስተኛነቱ ጠቀመው፤ በድምፅ ማሰሻ መሣሪያ ለማግኘት ያስቸግር ነበር፣ የጥልቅ ውኃ ፈንጂ ሲጣልበትም ከመሰበር ይልቅ በማዕበሉ ተገፍቶ ይሸሽ ነበር። በፌብሩዋሪ 1945 የነጻ ፈረንሳይን አጥፊ መርከብ «ላ ኮምባታንት»ን ያሰጠመው ዜሁንት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ግን የሰጠመችው በባሕር ፈንጂ እንደሆነ ይታመን ነበር። በጦርነቱ መጨረሻ ሳምንታት ደግሞ በፈረንሳይ ወደብ ደንከርክ ለተከበቡት ጀርመናውያን በቶርፒዶ ምትክ ምግብ እስከ ማጓጓዝ ደርሷል።

ነጂዎቹ ለቀናት እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው ኮኬይንና ሜታምፌታሚን ያለበት ክኒን ተዘጋጅቶ ነበር። ክኒኑ በ1944 መገባደጃ የተሞከረው በዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ፣ ሸክም ተሸክመው ያለ ዕረፍት እንዲጓዙ በተደረጉ እስረኞች ላይ ነው፤ ይህም የዚህ ታሪክ አካል መሆኑ ሊዘለል አይገባም።

ከጦርነቱ በኋላ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል አራት ዜሁንቶችን ወስዶ ለተወሰኑ ዓመታት የተጠቀመባቸው ሲሆን፣ አንደኛው ዛሬም በብሬስት ከተማ ሙዚየም ይታያል።