ነርሲንግ ወይስ ፋርማሲ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የመጀመሪያው ጠያቂ ነጥቡ ለሁለቱም የደረሰለት ወጣት ነው፤ ፋርማሲስት የተሻለ ይከፈለዋል፣ ነርሲንግ ግን ቶሎ ያልቃል ብለውት ግራ ገብቶታል።

ወንድሜ፣ የሰማኸው ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ነው የሰማኸው። በብዙ አገር የፋርማሲስት መነሻ ደመወዝ ከነርስ ከፍ ይላል፣ ትምህርቱም ይረዝማል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለነርስ ቢያንስ 3 ዓመትና 4,600 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ለፋርማሲስት ቢያንስ 5 ዓመት ነው፣ ከዚያ ውስጥ 6 ወሩ ፋርማሲ ወይም ሆስፒታል ገብቶ የሚሠራበት። አሜሪካ ልዩነቱ ይሰፋል፦ በ2 ዓመት ዲግሪ ለነርስነት ፈቃድ ፈተና መቀመጥ ይቻላል፣ ለፋርማሲስትነት ግን ፋርም ዲ የሚባለው የዶክትሬት ዲግሪ ግድ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ፋርማሲ የገባው ጓደኛህ ገና እየከፈለ ሲማር አንተ ደመወዝተኛ ነህ። የእነዚያ ዓመታት ደመወዝ ይቆጠራል፣ እሱ የሚከፍለውም ይቆጠራል። ይህን ትቶ የወር ደመወዝ ብቻ የሚያወዳድር ሰው ሳይ ያናድደኛል፣ ልጆች በዚያ ተመርተው ነው ትምህርት ክፍል የሚመርጡት። ደግሞ "ነርስ ይህን ያህል ያገኛል" ሲሉህ የሌሊት ተረኝነትና የበዓል ትርፍ ሰዓት ተደምሮበት እንደሆነ ጠይቅ። ያ ገንዘብ የሚመጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ መርፌ በመውጋትና ግሉኮስ በመቀየር ነው። ፋርማሲስቱም አይመቸውም፤ ወረፋው እየረዘመ፣ መጠኑ ያላማረውን ማዘዣ ይዞ ሐኪሙ ስልክ እስኪያነሳ ቆሞ ይጠብቃል።

ነርስ የትም አይደርስም የሚሉህን አትስማ። አሜሪካ ውስጥ የሰመመን ነርሶች ከፋርማሲስት በላይ ያገኛሉ፣ እነሱም በላዩ ላይ ዓመታት ተምረው ነው። እኔን ካልከኝ፣ ቶሎ ገቢ የሚጠብቅ ቤተሰብ ካለህ ነርሲንግ ግባ። ኬሚስትሪ ደስ እያለህ የምታነብ ከሆነ ግን ፋርማሲ ይሻልሃል፣ ዓመቱ አያስፈራህ።

ራዲዮሎጂስትና ራዲዮግራፈር አንድ ናቸው ወይ?

አይደሉም። ራዲዮግራፈሩ ምስሉን ያነሳል፣ ራዲዮሎጂስቱ ምስሉን የሚያነብ ስፔሻሊስት ሐኪም ነው፤ ትምህርቱም ክፍያውም በጣም ይራራቃል።

አንዲት እናት ነርስ የሆነች ልጃቸው አዋላጅ ለመሆን እንደገና ከዜሮ ትጀምር እንደሆነ ጠይቀዋል።

አትጀምርም፣ እናቴ። የዓለም አቀፉ የአዋላጆች ኮንፌዴሬሽን የአዋላጅነት ትምህርቱ ለነርስ ቢያንስ 18 ወር፣ ነርስ ሳይሆን በቀጥታ ለሚገባ ቢያንስ 3 ዓመት ይላል። ዝርዝሩን ኮሌጁ ይንገራችሁ።

በሦስት ወር የኦንላይን ኮርስ ነርስ ትሆናለህ የተባለው አንባቢ ደግሞ ለመክፈል ቸኩሏል።

እባክህ አትክፈል! ነርስ የሚያደርግህ ፈቃድ ነው፣ ያለ ታማሚ ልምምድ ደግሞ ፈቃድ የለም። ዛሬውኑ ለባለሙያዎች ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሂድና የትምህርት ቤቱን ስም ስጣቸው፣ ዕውቅና አለው ወይስ የለውም የሚለውን ከእነሱ አፍ ስማ። የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ የሚነግርህ አይበቃም። ከፍለህም ከሆነ ደረሰኙን ይዘህ ሂድ።