ስለ ክሪክ ጠይቁኝ፦ አልጋ ለተሠራለት ቫን

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ማታ ሥራ ስለሌለኝ ጠይቁኝ። ጅቡቲ መስመር ላይ መጀመሪያ ረዳት፣ ኋላ ሾፌር ሆኜ ብዙ ጎማ ቀይሬአለሁ። አሁን ደግሞ አባዱላ ቫን ውስጥ አልጋና ምድጃ ለሚያሠሩ ሰዎች የመኪናውን ሥር አያለሁ። ስለ ክሪክ (ጎማ ሲቀየር መኪና ማንሻው) እና ስለ ጎማ ብቻ ጠይቁኝ። የመጋረጃ ቀለም ሌላ ሰው ያማክራችሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ የትኛው ክሪክ ነው ጥሩ?

መልስ፦ ለየትኛው መኪና? ምን ለጫነ? እንዲህ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ አባዱላ ነው። አልጋ፣ 100 ሊትር ውሃና 2 ባትሪ አለው። አብሮት የመጣው ክሪክ ይበቃል ወይስ የዘይቱን (ሃይድሮሊኩን) ልግዛ?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ውሃው ብቻ 100 ኪሎ ነው። ጣውላው፣ ባትሪው፣ ጋዙ ሲጨመር ፋብሪካው ክሪኩን ሲሰጥህ ያሰበው መኪና አይደለም። ጉዞ እንደምትወጣ አድርገህ ጫነውና ሚዛን ላይ አውጣው፤ የኋላ እግሩን ለብቻው አስመዝን። ክሪክ አንድ ጥግ ነው የሚያነሳው፣ እውነት ነው፤ እኔ ግን የኋላውን ክብደት በሙሉ የሚችል ካልሆነ አልገዛም። ዳገት ላይ፣ ጠማማ መሬት ላይ ያ ትርፍ ጉልበት ይፈለጋል።

ሰው ቶን ቶን ይላል እንጂ ጉዱ ቁመቱ ላይ ነው። ጎማ ሲተነፍስ መኪናው ይወርዳል። አንዱ ደንበኛዬ ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ትልቅ የዘይት ክሪክ ገዛ፤ ጉልበቱ አይሱዙ የጭነት መኪና ያነሳል። ላንጋኖ መንገድ ላይ ጎማው ተነፈሰ፤ ክሪኩ ከሥር አልገባ አለ። በሾርባ ማንኪያ አፈር ስንቆፍር አመሸን። ስለዚህ ቤትህ ሆነህ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ የኋላ ጎማህን ነፋስ አውጣና ከመሬት እስከ አክሰሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማ የሚያገናኘው ብረት) ለካ። ክሪኩ ተሰብስቦ ከዚያ ማጠር አለበት። ከዚያ ጎማውን ነፍተህ እንደገና ለካ። ክሪኩ ሲዘረጋ ደግሞ ከዚህኛው በደንብ መብለጥ አለበት፤ ሙሉ ጎማ ከተነፈሰው የበለጠ ቦታ ይፈልጋላ። ክሪክ ከመግዛትህ በፊት ሜትር ግዛ።

አባዱላ ኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ስለሆነ አክሰሉ ሥር፣ ወደ ጎማው ተጠግተህ አስገባው። ቦዲውን ካነሳህ ባሌስትራው ይንጠለጠላል፤ ላብህ ጠብ እስኪል ትለፋለህ፣ ጎማው ግን መሬት አይለቅም። በእጅ የሚጠመዘዘው ክሪክ አይረባም ማለቴ አይደለም። ዘይት አያፈስም፣ ዝቅ ያለ ቦታም ይገባል። ክብደቱን ከቻለ ያዘው።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ስፕሪንተር ቫን ነው ያለኝ። እዚህ “3 ቶን” የሚል ክሪክ አየሁ። ይሆናል?

መልስ፦ የአሜሪካ ቶን 2,000 ፓውንድ ነው፣ 907 ኪሎ። 3ቱ ሲደመር 2,700 ኪሎ ገደማ ነው እንጂ 3,000 አይደለም። የሾፌሩ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ፤ የኋላ አክሰሉ የሚችለው ተጽፏል። ከዚያ ሜትር።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ዱካቶ ቫን አለኝ። ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) የለውም፤ የሰጡኝ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕረሰር ነው። ክሪክ ልግዛ?

መልስ፦ ስኮርታ ከሌለሽ በክሪኩ ምን ልታደርጊ? ምስማር ከሆነ ፈሳሹ ጎሚስታ ያደርስሻል። የጎማው ጎን ከተቀደደ ደውለሽ ማስጎተት ነው እህቴ።

ጥያቄ (ከቢሾፍቱ)፦ አባዱላዬ አውቶማቲክ ነው፣ ፒ (የማቆሚያው ማርሽ) ላይ አደርገዋለሁ። ታኮ (ጎማው እንዳይንከባለል የሚደገፈው) የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ ነው! ይሄን ስንቴ ልበል። ፒ የሚይዘው ሞተሩ የሚነዳቸውን እግሮች ነው። የአንተ የሚነዳው በኋላ ነው። አንዱን የኋላ እግር ስታነሳው ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ እግሮች የሚያካፍለው ማርሽ) ነፃ ይለቀዋል። የተነሳው አየር ላይ ወደ አንዱ ይዞራል፣ መሬት የነካው ወደ ሌላው ይዞራል። መኪናው ፒ ላይ ሆኖ ይሄዳል! የእጅ ፍሬን ሳብ፣ በሰያፍ ያለውን ጎማ በፊትም በኋላም ታኮ አድርግ። ከዚያ ነው ክሪክ የሚነካው።

አባል 1፦ ድንጋይ ይበቃል፤ እኛ ዕድሜ ልካችንን በድንጋይ ነው።

አባል 2፦ ከዚያ ድንጋዩን አስፋልት ላይ ትታችሁት ትሄዳላችሁ! ማታ የሚመጣው ሰው ምን ዕዳ አለበት?

አባል 1፦ እኔ ሁሌ አነሳለሁ። የአይሱዙ ሾፌሮችን ጠይቅ።

አባል 3፦ አይሱዙን ለቀቅ! የዶልፊን ሚኒባሶቹ አይብሱም?

መልስ፦ ተዉ እስቲ። ክብ ድንጋይ ታኮ አይሆንም፣ ይንከባለላል። ከእንጨት በሰያፍ አስቆርጡ። ደግሞ የመኪናውን ቁልፍ ታኮው አጠገብ አስቀምጡ፤ ታኮውን ሳታነሱ መሄድ አትችሉም። አሁን ወደ ክሪክ።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ አሸዋ ላይስ?

መልስ፦ ጣውላ። 1 ቶን 10 በ10 ሳንቲ ሜትር በሆነ የክሪክ እግር ላይ ሲያርፍ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 10 ኪሎ ነው፤ ይሰምጣል። 30 በ30 የሆነ ወፍራም ጣውላ ከሥር ስታደርግ 1.1 ኪሎ ግድም ይሆናል። በጭስ ማውጫ የሚነፋው ባሎንም አለ። ለአሸዋ ጥሩ ነው፤ እሾህና ትኩስ ቱቦ ግን አይወድም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ክሪኬ ካነሳ በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ጨመርኩበት።

መልስ፦ ኧረ በፈጠረህ! የፍሬን ዘይት የክሪክን ጎሚኒ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን ላስቲክ) ይበላዋል። የሃይድሮሊክ ዘይት ነው የሚገባው። አሁን ጎሚኒው ካልተቀየረ አትመነው። ወደፊት ደግሞ አልጋው ሥር አታጋድመው፤ ቀጥ አድርገህ፣ በር አጠገብ አስቀምጠው። ሌሊት በዝናብ ፍራሽ አውርደህ ክሪክ ከመፈለግ ያድንሃል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ልጆቹ ተኝተው ከሆነ ሳላወርድ ባነሳውስ?

መልስ፦ ይውረዱ። ቢያለቅሱም ይውረዱ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ስኮርታው ከኋላ ከሥር ነው የተንጠለጠለው። ለማውጣት ስገባ ክሪኩ ይችለኛል?

መልስ፦ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም። አይገባም። መኪናው በአራት እግሩ ቆሞ እያለ ስኮርታውን አውርደው። የተነፈሰውን ጎማ ብሎኖችም ያኔውኑ ላላ አድርጋቸው፣ አየር ላይ አትታገል። ሲነሳ ስኮርታውን ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ሥር አጋድመው፤ ክሪኩ ቢያመልጥ መኪናው እሱ ላይ ያርፋል። የተነፈሰውን ስትፈታ አቀያይራቸው። ብሎን በመስቀል ቅርጽ፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ ነው የሚጠበቀው፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ይፈተሻል። አልጋ የምታሠሩም፣ አናጢው የስኮርታ ማውረጃውን በጣውላ እንዳይዘጋባችሁ ቁሙበት። አይቻለሁ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ዋጋውስ?

መልስ፦ ሶማሌ ተራ ሄደህ ጠይቅ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ አልመለስክልኝም። ታዲያ የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ስንት ለካህ?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ገና አልለካሁም።

መልስ፦ ደህና እደር።