ከጉድጓዱ አፍ የወጣች ኳስ

ልጆቼ፣

የገና ለት ወንዶቹ ሜዳ ላይ ሩር ሲጠልዙ እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን ነበር የምናየው። አንድ ዓመት የወንድሜን ቆልማማ ዱላ ሰርቄ ጓሮ ገባሁ። ሩሯን እግሬ ሥር አስቀመጥኩ። የሚሻማኝ የለም፣ የሚያየኝም የለም። ሁለቴ አፈር ቆፈርኩ። በሦስተኛው የገዛ ቁርጭምጭሚቴን አገኘሁት።

ይህን ያስታወሰኝ ጎልፍ ነው፣ ኳስ በዱላ እየመቱ ጉድጓድ የሚያስገቡበት ጨዋታ። ደብረ ማርቆስ ስፖርት ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በዲሽ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሀብታም ሽርሽር ነበር የመሰለኝ። ሯጭ ብትፈራም እግሯ ይወስዳታል። ጎልፍ ላይ ግን ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች። በቀን 18 ጉድጓድ፣ ብዙውን ጊዜ ለአራት ቀን። ከምት እስከ ምት ተጫዋቿ ስትራመድ የምታስብበት ጊዜ ሞልቷል፤ የሚበላትም እሱ ነው። በዚያ ላይ ሁለተኛው ቀን ማታ ከማጣሪያው ከወደቀች፣ ብዙውን ጊዜ ሽልማት የሚባል ነገር የለም። የአውሮፕላኑና የሆቴሉ ወጪ ግን አለ። እና አንዷ ስታለቅስ ብታዩ «ለጨዋታ ነው እንዴ?» አትበሉ። የቤት ኪራይም አለበት።

ከሁሉም ኪም ኢን ክዩንግ የምትባለው ደቡብ ኮሪያዊት ከሆዴ አልወጣችም። እ.ኤ.አ. በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ክራፍት ናቢስኮ በሚባለው ትልቅ የሴቶች ውድድር፣ ኳሷ ከመጨረሻው ጉድጓድ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቷታል። ስንዝር ተኩል በሉት። ብታስገባት ዋንጫው የእሷ ነው። ነካ አደረገቻት። ኳሷ የጉድጓዱን አፍ ታካ ወጣች። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ በቃ። ከዚያ እኩል ወጥተው በተጨማሪው ጉድጓድ በአገሯ ልጅ ተሸነፈች።

የእኛም አገር የዚህ ዓይነት ነገር ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ 10,000 ሜትር። የደብረ ማርቆሷ መሰለች መልካሙ እየመራች ስትመጣ እኛ ቤት እልልታው ተጀምሯል። ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ መስመሩ ላይ ቀደመቻት። ልዩነቱ የሰከንድ አንድ አሥረኛ! ሦስተኛ የወጣችው ውዴ አያሌው፣ እሷም ጎጃሜ። እኛ ደግሞ ብርና ነሐስ ይዘን እንደ ለቀስተኛ ተቀመጥን። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። መሰለች እ.ኤ.አ. በ2012 ፍራንክፈርት ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2:21:01 ስታሸንፍ፣ ወሬው እኔ ጋ የደረሰው ከሳምንት በኋላ ነው።

የራሴን ልናዘዝ። አንድ ዓመት ልጆቹን ለትምህርት ቤቶች ውድድር ባሕር ዳር ወሰድኳቸው። በዱላ ቅብብሉ እየመራን የመጨረሻዋ ልጅ ዱላውን ጣለች። አልተቆጣኋትም። ዝም አልኩ። መኪና ውስጥም ዝም። ፍኖተ ሰላም ለምሳ ስንወርድ ሚሪንዳ አዝዤ ፊቷ አስቀመጥኩላት፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ። አልጠጣችውም። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ እስክንነሳ ተቀመጠች። ሰኞ ልምምድ አልመጣችም። ማክሰኞም። እኔም ቤቷ ሄጄ አልጠራኋትም። ኩራት ነበር፣ ሌላ ስም የለውም።

«በርቱ» ማለት ይቀላል፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ኖሬአለሁ። አሁን የምላችሁ ሌላ ነው። የሳታችሁ ለት ቪዲዮውን አትክፈቱ። እንጀራችሁን ብሉ። ሆድ ከባሳችሁ አልቅሱ፣ ግን ብቻችሁን አይሁን። «ምንም አይደል» የሚላችሁን ተዉት፤ ምንም ቢሆንማ ኖሮ አታለቅሱም ነበር። «አዎ፣ ያናድዳል» የሚል ሰው ፈልጉ። በነጋታው ያችኑ 30 ሴንቲ ሜትር ደግማችሁ ምቱ። አሠልጣኝም ወላጅም የሆናችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ አንድ ነገር ተናገሩ። ዝምታችሁን ልጅ በራሱ ነው የሚተረጉመው።

ኪም እ.ኤ.አ. በ2017 ስኮትላንድ ውስጥ የሴቶች ብሪቲሽ ኦፕን ዋንጫን በላች። አምስት ዓመት መሆኑ ነው። በዚህ መሃል ስንት ሰው ስለዚያች ኳስ እንደጠየቃት አስቡት።

የእኔዋን ልጅ ባለፈው ዓመት ገበያ አገኘኋት። ጤፍ እያስለካች ነው፣ ልጅ አዝላለች። «ቲቸር!» ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። ያን ነገር ላነሳ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ቲቸር፣ ያኔ የተቀየሙኝ ሚሪንዳውን ስላልጠጣሁ ነው?»