«ድኛለሁ» ብለው መድኃኒቱን ያቆሙ አባት

ጥያቄ፦ አባቴ ባለፈው ዓመት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው ሰንፎ ነበር። በደም መርጋት የመጣ ነው ተብሎ አስፕሪን፣ አቶርቫስታቲን የሚባል የኮሌስትሮል መድኃኒትና ሁለት ዓይነት የግፊት ክኒን ታዘዘላቸው። አሁን ተነስተው መስጊድ ይሄዳሉ። በረመዳን ያቆሙትን ክኒን ግን እስካሁን አልጀመሩትም። «አልሐምዱሊላህ ድኛለሁ፣ ጥቁር አዝሙዱ ይበቃኛል» ይላሉ። ብንለምንም ብንቆጣም አልሰማ አሉን። ምን ላድርግ? (ከሐይቅ)

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። እኔ የምሠራበት የደሴ ፋርማሲ ከኩታበርም ከሐርቡም እንዳንቺ የተጨነቁ ልጆች ይመጣሉ። መጀመሪያ ቁጣውን ተዉት። መድኃኒት ያቆመ ሰው ምክንያት አለው፤ ለልጁ ደግሞ ላይናገረው ይችላል።

አንድ አባት «እልኸኛ ናቸው» ተብለው መጡ። እሽጉን ሰጠኋቸውና «እስቲ አንዷን ያውጡልኝ» አልኳቸው። በግራ እጃቸው ያዙት። የቀኙ አውራ ጣት ግን ክኒኗን ገፍቶ ማውጣት አቃተው። ደጋግመው ሞከሩ፣ ከዚያ እሽጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ። በየቀኑ «አውጡልኝ» ማለት ከብዷቸው ኖሯል። ልጃቸው ማታ ማታ የነገውን አውጥታ ክዳን ባላት ትንሽ ዕቃ እንድታስቀምጥላቸው ተስማማን። አባትሽም ቀኝ እጃቸው ስለተጎዳ ይህን አስቀድመሽ እዪ። መዋጥ የሚያስቸግራቸው ከሆነም ሳትጠይቂ ክኒን አትፍጪ፤ የማይፈጭም የማይከፈልም አለ።

ሌላም ምክንያት ይኖራል። ከግፊት ክኒኖች ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፣ አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያመላልሳል። በዚህ የተማረረ ሰው ለሐኪሙ ቢናገር በሌላ ይቀየርለታል። ካርቶኑ ሲለወጥ ሌላ መድኃኒት የመሰላቸውም አሉ። ዋጋው ከሆነ ያስቸገራቸው፣ ይዘቱ አንድ ሆኖ ረከስ የሚል እንዳለ ጠይቂ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁም ደብተሩን ያዢ።

«ድኛለሁ» ለሚሉት ግን በግልጽ መነገር አለበት። እግራቸው መራመዱ ደስ ይላል፣ ስትሮኩን ያመጣው ነገር ግን አብሯቸው አለ። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ሲጨምርም አያስታውቅም። አስፕሪን ደም የሚያረጉት ቅንጣቶች እንዳይጣበቁ ይከላከላል፤ ካቆሙት ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሥራው ያበቃል። ጥቁር አዝሙዱን አይከልከሉ፣ የእነዚህን ቦታ ግን አይተካም። ዘይቱን የሚጠጡ ከሆነ ለፋርማሲስቱ ንገሩ።

ጾሙን በተመለከተ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ክኒን ብዙ ጊዜ ወደ ኢፍጧር ወይም ወደ ሱሁር ይዛወራል። አስፕሪኑ ከኢፍጧር ምግብ በኋላ ቢሆን ለሆዳቸው ይሻላል። ይህን ከረመዳን በፊት ከሐኪማቸው ጋር መጨረስ ነው። መጾም የማይመከርም በሽተኛ አለ፣ ያንንም ሐኪሙ ይንገራቸው።

አሁን ግን የድሮውን ክኒን በሙሉ በአንድ ቀን አታስጀምሪያቸው። ወራት አልፈዋል። ግፊታቸው ይለካና ሐኪማቸው እንደገና ይያቸው። ይህን ሳምንት አታሳልፉት። ፊታቸው ከተጣመመ፣ ክንዳቸው ከዛለ ወይም አንደበታቸው ከተሳሰረ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ፣ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

ሐኪሙ ካያቸው በኋላ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ጊዜው ያለፈበትንም ጨምረሽ፣ በፌስታል ይዘሽ ከእሳቸው ጋር ወደ ፋርማሲስት ሂዱ። ማንበብ ካስቸገራቸው እሽጉ ላይ ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ ይሳልላቸው። ሲያስረዳም ለአንቺ ሳይሆን ለእሳቸው እንዲያስረዳ ጠይቂው፤ ክኒኑን የሚውጡት እሳቸው ናቸው። ደሴ የምትመጡ ከሆነ ሰኞ አይሁን፣ በገበያው ምክንያት ወረፋው ይበዛና ተረጋግቶ ማውራት አይቻልም።